ሠላሳ ከሠላሳ

ጥያቄዋ ለማያልቅ የልጅ ልጄ፣ ለእመት ለምን፦

እንዴት ነሽልኝ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ዓይንሽስ፣ ያ ሁሉ ንባብ አላደከመውም? ያቺ አልጋሽ እግሯ ተጠገነ ወይስ አሁንም በመጽሐፍ ደግፈሽ ነው የምትተኚው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ስለወጣ አልፈርድበትም። አያትሽ እማማም ደህና ናት። እኔን መቆጣት እስካላቆመች ድረስ ሐኪም አያስፈልጋትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ቆመው የሚያነቡት አይደለም። ባለፈው ሞልቼ የላክሁልሽ ሠላሳ የሱቅ ኢንሹራንስ መጠይቅ ውሸት ነው። አንቺ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ምዕራፍ አራት በእሱ ጀምሬያለሁ፣ ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ቀረው ብለሽ ስትጽፊልኝ ምሳዬን ትቼ ለእማማ ነገርኋት። እሷ ዝም በል፣ ማን ያውቅብሃል ብላኝ ነበር። ግን አደጋ የምታጠና ልጅ ራሷ አደጋ ላይ እያለች እንዴት ዝም ልበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ከመንገዱ መጀመሪያ ተነሥተው በየሦስተኛው ሱቅ ወረቀቱን ይስጡ፣ ራሳቸው ይሙሉት፣ አጠገባቸው አይቁሙ፣ ስምም አይጻፍ ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ከባድ መኪና ለነዳ ሰው መንገድ አይነገረውም ብዬ፣ ወንበር ያለበትን ሱቅ እየመረጥሁ ገባሁ። አይቁሙ ነው ያልሽው፤ እኔም አልቆምሁም፣ ተቀመጥሁ። ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ መልሱን በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ሱቅህ የእሳት ኢንሹራንስ አለው ወይ? አለው። እሳት ማጥፊያስ? እንዴታ! ሠላሳው ሠላሳም ጥንቁቅ ሆኖ ተገኘ። ይህን የመሰለ ሰፈር ውስጥ እንደምኖር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን በላክሁልሽ በሦስተኛው ቀን፣ ያ ስድስት የስፌት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ አባባ፣ ይሄ ኢንሹራንስ የሚሉት ነገር ቢሮው በየት በኩል ነው አለኝ። ክው አልሁ። አንተ ሰው፣ ኢንሹራንስ አለኝ ብለህ አላስጻፍኸኝም እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ ታዲያ ልጅቷ በእኔ የተነሣ ትውደቅ እንዴ አባባ ብሎ ጭራሽ ተቆጣኝ። ለካ መንገዱ ሁሉ ወረቀቱን የአንቺ ፈተና አድርጎት ኖሯል! የሚያሳልፋት መልስ አዎ ነው ተባብለው መክረዋል። አናጺውማ እሳት ማጥፊያ አለኝ ያለኝ የውሃ ጆጉን እያየ ነው።

እንግዲህ ያጠፋ ይክሳል። ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ከመንገዱ መጀመሪያ ተነሣሁ፤ ወንበር ኖረም አልኖረም በየሦስተኛው ሱቅ። ፈተና አይደለም፣ ስም አይጻፍም፣ የለኝም ማለትም መልስ ነው እያልሁ አደልሁ። የጫማ ካርቶን አሽጌ ከላዩ ቀደድሁና ዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥሁት። አለማየት እንዴት ያለ ከባድ ሥራ መሰለሽ! ሁለት ጊዜ ዳቦ ሳያምረኝ ዳቦ ልገዛ ሄጄ፣ ባለዳቦ ቤቷ አባባ፣ ዳቦው በዚህ በኩል ነው፣ ካርቶኑን ምን ያሳይዎታል እያለች መለሰችኝ።

ከሠላሳው ሃያ ሰባቱ ተመለሱ። ኢንሹራንስ ያላቸው አራት ብቻ ናቸው። ለምን አልገቡም ከሚለው ጥያቄሽ ሥር ግን ዘጠኝ ሰዎች፣ በዘጠኝ ዓይነት የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ ነገር ጽፈዋል፦ ኢንሹራንስ ጎማ አይነፋም።

ታውቂያታለሽ ይቺን። የእኔ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየሱቁ በር ተቀምጬ ሰው ለማሳቅ የምወረውራት ቀልድ ናት። ይስቃሉ እንጂ ያምኑኛል ብዬ መች አሰብሁ! መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የልብስ ሰፊው ስድስት መኪናና ከበላያቸው የተንጠለጠለው ያ የተላጠ የመብራት ሽቦ ትዝ አሉኝ። በማግስቱ ሰውየውን ይዤ ቢሮው ድረስ ሄድሁ። ሠራተኛዋ ስታስረዳን እሱ ይጽፋል፤ እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ይዤ አዳመጥሁ። ሽቦውን አስቀይሯል። የኢንሹራንሱን ውል የሚፈርመው ግን የአንቺን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ መሆኑን ነግሮኛል፤ እንግዲህ ከአስተማሪሽ ሌላ አንባቢ አለሽ ማለት ነው።

ሃያ ሰባቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የፊተኛውንም አትጣዪው። ሽማግሌ አጠገባቸው ተቀምጦ የሰጡትን መልስና ሽማግሌው ዞር ሲል የሰጡትን ጎን ለጎን አድርገሽ ለአማካሪሽ አሳዪያቸው፤ ካላሳቃቸው ያስተምራቸዋል። የጀመርሽውን ስላፈረስሁብሽ ይቅር በዪኝ። ዘጠኙ ሰዎች ዘንድ ስትደርሺ ደግሞ አትሸፋፍኚልኝ፤ ያሳሳታቸው አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው ብለሽ ጻፊ። ስሜን ግን አትጥሪ፤ ስም አይጻፍም ያልሽ አንቺው ነሽ።

አክስትሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባሏን ቀስ ብሎ ይንዳ በዪው። መንትዮቹን ለይተሽ ሳሚያቸው፣ ባለፈው አንዱን ሁለቴ ስመሽ ሌላውን አስለቅሰሽዋል አሉ። ለአማካሪሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማ ሹራቡን ልበሺው፣ ለጌጥ አልሠራሁትም ብላለች። ልብስ ሰፊው፣ አናጺውና ባለዳቦ ቤቷ ሰላም ብለውሻል። በበራቸው ባለፍሁ ቁጥር፣ አባባ፣ አለፍን ወይ ይሉኛል። እናንተማ ከሃያ ሰባት አራት አምጥታችሁ ወድቃችኋል፣ እሷ ግን በእናንተ እውነት ታልፋለች እላቸዋለሁ።

አያትሽ ሾፌሩ
ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቤታችን
ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን