ለማኝ አይሸከመውም ያልከው ኮረጆ

ይድረስ ለልጄ ለነገራ ዋቅወያ፣ አዲስ አበባ።

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እጀምራለሁ፤ ወጉ ነውና። ባለፈው ክረምት ያሠቃየህ የጎድን ውጋት ለቀቀህ ወይ? ሚስትህ ዘርፈሽ ደኅና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ደኅና ነኝ። እናትህ ወርቂቱም ጉልበቷን ከሚይዛት በቀር ደኅና ናት። ላሟ ወልዳለች፤ ዝናቡም በጊዜው ገብቷል። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። የቀረውን ተቀምጠህ አንብበው።

ለታናሽ ወንድምህ ለተረፋ የጻፍከውን ደብዳቤ ሰምቼዋለሁ። የላክኸው የቢስክሌት ኮረጆና ደብዳቤው በአውቶቡስ የደረሱ ዕለት ተረፋ ሊያስተምር ሄዶ ነበር። ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ ሲባል በዚህ ቤት ምን እንደሚደረግ ረሳኸው? ጎረቤት ይጠራል፣ ባለሱቁ ሸዋርጋ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ ሁሉም ተቀምጦ ይሰማል። እንደዚያው አደረግን። ሸዋርጋ ሰላምታውን አነበበ፣ ኮረጆውን በስንት እንደገዛኸው አነበበ፣ ከዚያ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። ምነው አልኩት። ጽሑፉ ደብዝዟል አለኝ። ያ ዓይንህ ከመንገድ ማዶ የወደቀ ሳንቲም ያያል፤ አንብብ አልኩት። አነበበው። አባባ በቅሎ እንጂ ቢስክሌት አያውቅም፤ ያን የበቅሎ ቆዳ ለማኝም አይሸከመውም፤ መምህር ሆነህ አታዋርደን፤ እንዳይከፋው ምስጥ በላው በልና ጣለው ብለህ ጽፈሃል።

ሰባት ሰው ሰማ። አንዱም ወደ እኔ ቀና ብሎ አላየም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከቃልህ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ይህንንም የሚጽፍልኝ ያው ሸዋርጋ ነው። ኦቦ ዋቅወያ ትንሽ ላለስልሰው ወይ ብሎኛል፤ አልፈቀድኩለትም። ሲጨርስ መልሶ ያነብልኛል።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ተረፋ የተመደበበት ትምህርት ቤት በሲሬ መንገድ በቢስክሌት አንድ ሰዓት ያስኬዳል። የልጆቹን ደብተርና የፈተና ወረቀት ማታ ቤት አምጥቶ ያርማል፣ ጠዋት ይመልሳል። ያን ሁሉ በእጁ ይዞ ቢስክሌት አይነዳም። መጀመሪያ የቡና ጆንያ አንጠለጠለ፤ ጆንያው ጎማው ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ሁለት የነጭ ጋዝ ቆርቆሮ በግራና በቀኝ አሠረ። ርካሽ ነው፣ ውኃም አያስገባም፤ ግን ጩኸቱ ወንዝ ማዶ ይሰማል፣ ባለፈበት መንደር ያለ ውሻ ሁሉ ተነሣበት። ሱቅ ያለውን ጠየቅን፤ ዋጋው ለመምህር ሳይሆን ለአገረ ገዢ ቤት የሚሆን ነው። ያን ጊዜ እኔ እሠራለሁ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ቡናና ማር ከወለጋ ሸዋ በበቅሎ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። የጭነት መኪና መጥቶ እንጀራዬን እስኪወስድብኝ ድረስ የእኔ ጭነት መንገድ ላይ ሲፈታ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። ጭነት እሸፍንበት የነበረውን አሮጌ የበሬ ቆዳ ጀንዲ ከጣራው ሥር አውርጄ ቆረጥኩት፤ ሁለት ኮረጆ ሰፋሁለት።

ተሳሳትኩ። ይህንን ከሌላ እንዳትሰማው እኔው በአፌ እነግርሃለሁ። የሰፋሁት የበቅሎ ኮረጆ ነው፤ ሰፊ፣ ወደ ፊት የተሳበ። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቢስክሌት ላይ ግን ተረከዝ ወደ ኋላ ይዞራል፣ በዞረ ቁጥርም ኮረጆውን ይመታል። ተረፋ በመጀመሪያው ቀን ተረከዙ ተልጦ ገባ፤ ግን አፈረ፣ አልነገረኝም። አባቱ በሰፋው ነገር ላይ እንከን ማውጣት አልሆነለትም። ምን ሲያደርግ እንደከረመ ታውቃለህ? ከቤት እየነዳ ይወጣል፤ መታጠፊያውን ሲያልፍ ይወርድና እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ እየገፋት ይሄዳል። በየቀኑ አረፈደ። የሰማሁት ከገበያ ከምትመለስ ሴት ነው። ኦቦ ዋቅወያ፣ ልጅህ ያቺን ቢስክሌት እንደ ሙሽራ እየመራ ነው የሚሄደው፤ ታማበት ነው ወይ አለችኝ። አብረዋት የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ለእኔ ዝም ብሎ ለአንተ መጻፉን የሰማሁት ኋላ ነው። አልተቆጣሁትም። ተረፋ ያፈረው ስለሚያከብረኝ ነው። አንተስ ያላፈርከው ስለምን ነው?

ላስተካክለው ወስፌዬን ሳነሣ ነው የአንተ ዕቃ የደረሰው። ቂም ይዤ አልደበቅኩትም። ወንድምህ የላከልህን እሰር አልኩት፤ አሠረ። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዘለበቱ ወርቅ የሚመስል። ሰዉም አማረብህ አለው። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ግን ጉዱ ታየ። ቆዳ ያልከው ነገር ውስጡ ካርቶን ነው፤ እንደ ገንፎ ላመ። ቀለሙ ለቆ የአርባ ሁለት ልጆች የፈተና ወረቀት ቀይ ሆነ። ቁልቁለቱ ላይ ማሰሪያው ተበጠሰና ከጎማው ሽቦ ጋር ተጠላልፎ ልጁን ከነቢስክሌቱ ጣለው። ክርኑ እስካሁን አልሻረም። ዳይሬክተሩ ሲያረፍድ ታግሦት ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይድገምህ፣ ወደ ኪራሙ ይዛወር ብዬ እጽፋለሁ አለው።

ኪራሙ! ስንት ቀን መንገድ እንደሆነ እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ። ተረፋ ከሄደ እዚህ ቤት የሚቀሩት ጉልበቷ የታመመ አንዲት ሴትና ማንበብ የማይችል አንድ ሽማግሌ ናቸው። ውኃ የሚቀዳላት፣ እንጨት የሚፈልጥላት ማን ነው? አንተ ነህ? አንተማ ስለ ውርደት ትጽፋለህ።

በማግሥቱ ተረፋን ጫማውን አስወለቅኩና ተረከዙን ኖራ ቀባሁት። የእኔን ኮረጆ መልሼ አሠርኩ፤ ግቢውን እየዞርክ ንዳ አልኩት። ዞረ፣ ዞረ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ እናትህ በሳቅ ሞተች። ሲወርድ ኖራው ቆዳው ላይ የት እንዳረፈ አየሁ። ያን ያህሉን በሰያፍ ቆርጬ ጣልኩ። ኮረጆውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳብኩት። በጎማው በኩል ስስ ጣውላ ከተትኩበት፤ ወደ ሽቦው አይታጠፍም። ከተረፈው ጀንዲ እስከ ኮረጆው ወገብ የሚወርድ ክዳን ሰፋሁለት። ማሰሪያውና ዘለበቱ የበቅሎዬ የሆድ ጠፍር ነው። ከሸዋርጋ ሱቅ የገዛሁት ክርና ሰም ብቻ ነው። አንተ አዋቂ፣ ለሌላ ሰው ኮረጆ ልትመርጥ ብትሄድ ከዘለበቱ አትጀምር። ጀርባው ይጠንክር፣ ተረከዝ አይንካው፣ ውኃ አፍስስበት፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ጠይቅ።

ባለፈው ሐሙስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ተረፋ ከራሱ እስከ እግሩ ውኃ እየተንጠባጠበ ኮረጆውን ፈታ፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው። ዳይሬክተሩ አንዷን መዘዘና በሁለት ጣቱ አሻሻት። ስለ ኪራሙ ምንም አላለም። ማን ሠራልህ ብቻ አለው። አባቴ አለ። ተረፋ ይህንን የነገረኝ ደጅ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎረቤት እየሰማ ነው። ከልጅ የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ያ ጀንዲ የየት እንደሆነ ደግሞ ልንገርህ። ልትማር አዲስ አበባ ስወስድህ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ጊቤን እንደተሻገርን ዝናብ ያዘን፤ አንተ ደግሞ ንዳድ ይዞህ ትንቀጠቀጥ ነበር። ጀንዲውን ከቡናው ላይ ገፍፌ አንተን ጠቀለልኩበት፤ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አይዞህ እያልኩ በቅሎዋ ላይ አሠርኩህ። ቡናው በሰበሰ፤ የቡናው ባለቤት ነጋዴ ከዚያ ወዲያ ጭነት አልሰጠኝም። አንተ ደረቅህን ገባህ፣ ፊደል ቆጠርክ፣ መጻፍ ቻልክ። ለማኝም አይሸከመውም ብለህ የጻፍከው ስለዚያ ቆዳ ነው።

ቀዩን ኮረጆህን በዚሁ አውቶቡስ መልሼልሃለሁ። አድርቄዋለሁ። ምስጥ አልበላውም።

እስከ ዛሬ ደብዳቤ ባስጻፍኩ ቁጥር መጨረሻው ላይ እመርቅህ ነበር። ዛሬ አልመርቅህም። አልረግምህምም። ምርቃትህ እዚህ እኔ ዘንድ አለ፤ በሸዋርጋ እጅ አይጻፍም፣ በአውቶቡስም አይጫንም። ለመስቀል ና። ያን ቃል የሰሙትን ሰባቱን ሰዎች እጠራቸዋለሁ። በእነሱ ፊት ቃልህን መልሰው፤ እኔም በእነሱ ፊት እመርቅሃለሁ። ዕድሜዬን ታውቀዋለህ፤ የቀረኝ መስቀል ብዙ አይደለም።

ዘርፈሽን አጥብቄ ሰላም ብያለሁ፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ትልቋን ዓባይነሽን፣ ትንሹን ፉፋንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሙልኝ። የቤታችሁን አከራይ እመቤት፣ ታማ የነበረችውን ሠራተኛችሁንም ሰላም በሉልኝ። ተረፋ ወንድሜን ሰላም በልልኝ ብሏል። እናትህም ለነገራ ሰላም በልልኝ ብላ ሁለት ጊዜ መጥታ ከሸዋርጋ አጠገብ ቆማለች፤ የእሷ የእሷ ነው፣ ጻፈው ብያለሁ። ሸዋርጋ አንድ ሰላም ሳትለው የቀረህ ሰው አለ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ነቀምቴ፣ ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.
አባትህ ዋቅወያ፣ በጣቴ ፈርሜአለሁ።