እየሩስ የጎልፍ ዱላዋን ከጣለች ወዲህ

ለምወድህ ወንድሜ ለታሪኩ ኤርካሎ

የጌታ ሰላም በያለህበት ይብዛልህ። እንዴት ነህ? ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? ባለፈው እናንተ ሰፈር የሐበሻ ሱቅ ተዘረፈ ሲባል ሰምቶ፣ አባባ የአንተን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ እህል አልቀመሰም። እኛ በሥጋ ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ ግን ለሰላምታው ያህል ነው ወንድሜ። ቤታችን ደህና አይደለም።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ላይ ስላላስጨረስከኝ ነው። ስጀምር «እሺ እሺ፣ እየሩስን አገናኚኝ» ትለኛለህ። ማክዳ ልጄ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። እባክህ ሥራ ላይ ሆነህ አታንብበው፤ ቤትህ ገብተህ አረፍ ብለህ አንብበው።

አምና ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በመጣው ሰው እጅ የዱላውን ቦርሳ ስትልክ እዚህ ቤት የሆነውን አላየህም። የምትሠራበት የጎልፍ ሜዳ ደንበኞች ልጆቻቸው ሲያድጉባቸው የተዉት ነው ብለኸን ነበር። አባባ አንዱን ዱላ አገላብጦ አየና «ለከብት የቀጠነ፣ ለምርኩዝ ያጠረ» ብሎ አሳቀን። ልጅህ እየሩስ ግን አቅፋው አደረች። እናቷ ሽታዬ ካረፈች ወዲህ ልጅቷ እንዲያ ስትፈነድቅ አይቼ አላውቅም። ከቤታችን በታች ካለው ግጦሽ ላይ የድልህ ጣሳ ቀብራ ጉድጓድ አበጀች። ኳሱ እንሰቱ ውስጥ ሲገባባት አባባ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ እየተንፏቀቀ ይፈልግላታል። ስትስት ትስቃለች፣ ስታገባም ትስቃለች። ማንም በርቺ አላላትም። እኛ የምንጠራት እራት ሲደርስ ብቻ ነበር።

ከዚያ ማክዳ ቪዲዮ ቀርጻ ላከችልህ። አንተም አለቀስክ፤ አልፈርድብህም። ትተሃት ስትሄድ ገና ዳዴ የምትል ልጅ ነበረች፤ በሁለት እግሯ ቆማ ያንተን ሥራ ስትሠራ ስታያት እንዴት አታለቅስ? አለቆችህም አይተው ልጅቷ እጅ አላት አሉህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ስልኩ ሲጮህ የምንሰማው ስለ ክርንና ስለ ጉልበት ብቻ ሆነ። ጭንቅላትሽን አታንሺ፣ ደግመሽ ምቺ፣ ደግመሽ ላኪልኝ። ዝናብ ነው ስልህ እዚህም ይዘንባል አልከኝ። ፈተና አላት ስልህ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም አልከኝ።

ይህም ባልከፋ ነበር። የከፋው «በዚህ ዱላ ነው ወደ እኔ የምትመጪው» ያልካት ቃል ነው። አንተ ለማበርታት ብለህ ነው። እሷ ግን ዐሥር ዓመቷ ነው ታሪኩ። ልጅ የሰማውን እንደሰማው ነው የሚይዘው። በደንብ ከመታሁ አባቴን አያለሁ፣ ከሳትኩ አላየውም ብላ ያዘችው። ከዚያ በኋላ ስትስት ስቃ አታውቅም። መዳፏ ተልጦ ጨርቅ ጠምጥማ ትመታ ነበር። ተይ ስላት «አክስቴ፣ አንቺ እንድሄድ አትፈልጊም» አለችኝ።

ባለፈው ወር ያን ቀን፣ ቪዲዮውን አይተህ «ይሄ ምንድን ነው? እንዲህ ሆነሽ ነው የምትመጪው?» ያልካት ትዝ ይልሃል? ስልኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ወጣች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። የዱላው ቦርሳም የለም። ባለቤቴ አብርሃም ባጃጁን አስነስቶ ሶዶን ከላይ እስከ ታች አሰሳት። ቤተ ክርስቲያን የነበሩት ሁሉ ጸሎቱን አቋርጠው ለፍለጋ ወጡ። አባባ ደጃፉ ላይ ቆሞ በወላይትኛ ስሟን ይጣራል፤ ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። እኔ ወንዙን አየሁ፣ ጉድጓዱን አየሁ። ያን ቀን ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፍልህም።

የተገኘችው ቦዲቲ መናኸሪያ ነው። ሚልክያስ የሚባል የአውቶብስ ረዳት ቦርሳዋን አይቶ ገርሞት ወዴት ነሽ ሲላት፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን አባቴ ጋ አለችው። ብልህ ሰው ነው፤ አልጮኸባትም። ሻይና ዳቦ ገዝቶላት፣ ስሜን ጠይቆ፣ በሰው በሰው ስልኬን አገኘ። ደርሼ ሳቅፋት ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል። ለምን እንዲህ አደረግሽ ስላት የመለሰችልኝን ልንገርህ። «አጠገቤ ቢሆን ክርኔን በእጁ ይዞ ያስተካክልልኝ ነበር። በስልክ አይሆንም» አለችኝ። አብርሃም መሪውን ይዞ ሲያለቅስ ነው ሶዶ የገባነው።

ከዚያ ወዲህ ዱላ አልነካችም። ስልክ ሲጮህ ጓዳ ትገባለች። ታማለች ያልንህ ለዚህ ነው። የምትወደውን ሁሉ ሠርቼላት ነበር፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትተወዋለች። አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ዝም ትላለች አለችኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ ወንድሜ። ልቆጣት ብል ታዝናለች፣ ላባብላት ብል ትሸሸኛለች።

ቅዳሜ ዕለት አባባ አንዱን ዱላ ይዞ ሜዳው ላይ ወጣ። መታ፤ ኳሷ ሳትነቃነቅ አፈሩ ተበተነ። ደግሞ መታ፤ ሊወድቅ ነበር። እየሩስ ከደጃፉ ቆማ ታየዋለች። በመጨረሻ «አባባ፣ ግራ እጅህ ነው ከላይ የሚሆነው» አለችው፣ በቀጭን ድምፅ። እኔ ሮጬ ሂጂ አሳዪው ልላት ስል አባባ በዓይኑ ገሠጸኝ። እጁን አስተካክሎ መምታቱን ቀጠለ። እሷ ወደ ቤት ተመለሰች። ግን ተናግራለች። እሱም እስካሁን በየማታው ይወጣል፤ ነይ ብሏት አያውቅም።

እንግዲህ እለምንሃለሁ። ስትደውል ስለ ዱላ አትጠይቃት። ምን በላሽ በላት፣ ማን ጋር ተጫወትሽ በላት። የትኛው ጥርሷ እንደ ወለቀ ታውቃለህ? ራሷ እስካላነሳችው ድረስ የጎልፍን ስም አትጥራ። የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለህም፣ አሁን መገናኘት እንዳልተቻለ፣ ጥፋቱም የእሷ እንዳልሆነ ንገራት። ታለቅሳለች። ታልቅስ፤ እኔ አለሁላት። የማልችለው ይህን ዝምታ ነው። ቁጣህን ለእኔ አድርገው፣ ታላቅህ ነኝ፣ እችለዋለሁ።

አባባ ልጄን እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅልኝ ይልሃል። አብርሃም በጣም ሰላም ብሎሃል። ማክዳ አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች። ከእየሩስ ምን ልበልለት ብዬ ጠየቅኋት፤ ፊቷን አዞረች። ከአፏ ያልወጣ ሰላምታ ጽፌ አልዋሽህም። ሰላምታዋን ራስህ ደውለህ ጠብቅ፤ ዝም ብትልም ስልኩን አትዝጋው።

እህትህ ፈጠነች ኤርካሎ
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.