አባትሽ የመረጠው ወይን

ልጄ ኤቴሪ፣ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይሸሽግሽ። ብርዱ መጥቷል፤ ልብስ ደርቢ። እኛ ወይን አገር ቴላቪ ከተማ፣ አክስትሽ ላማራ ቤት ሰንብተናል። አባትሽ ከነሕመሙ በየቀኑ መኪናውን አስነስቶ በየመንደሩ ያዞረኛል፤ ቀስ እያለ ወይን ይቀምሳል። «ለኤቴሪ ሠርግ ነው የምመርጠው» ይላል።

ትናንት ወዳጁ ሻልቫ መሬት ውስጥ ከተቀበረው የወይን ጋን ቀድቶለት፣ «አንተ ኦማሪ፣ ልጅቷ ባል ሳታገኝ ጉሮሮህን ልትድር ነው?» ብሎ ሊያጋጭ ዋንጫውን ዘረጋለት። አባትሽ ሳያጋጭ ጠጣ። እኛ የማናጋጨው ለሙት ስንጠጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሻልቫ ሳቁን ዋጠና «ስንት ሰው ይመጣል?» አለው።

«መንደሩ በሙሉ።»

ሐኪሙ ለገና አይደርስም ያለኝን ደብቄው ነበር፤ ለካ ያውቃል።

ልጄ፣ ቶሎ ነይልኝ። ስትመጪ አታልቅሺበት፤ «የሠርጌን ወይን አስቀምሰኝ» በይው። ወላዲተ አምላክ መንገድሽን ታቅናልሽ።

እናትሽ