ክሳልኝ አባዬ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣ ለአናጢዎች ሁሉ አለቃ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? ዓይንህ አሁንም ሚስማሩን ከሩቅ ይለያል? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ቤቱ፣ ጓሮው፣ ያ እንደ ሽማግሌ የሚያስለው በግ ሳይቀር እንዴት ነው? እግሬን ሳይጠይቀኝ ቀረ እንዳትል። እሱን ሆን ብዬ ነው ወደ ኋላ ያስቀረሁት። እኔ ሁሌም እንደ አለት ጠንካራ ነኝ ብዬ ነበር የምጽፍልህ፤ ዛሬ ግን አፌም እምቢ አለኝ።

ታላቋ እህቴ ደወለችልኝ። እንዳትቆጣት፣ ጨንቋት ነው። የእግርህን ጣት ቆረጡት አለችኝ። አንተ ደግሞ ለልጄ እንዳትነግሩት ብለህ ሁሉንም አስምለሃል። እንዴ አባዬ! ጣት እኮ ነው፣ የወንበር እግር አይደለም፣ ሌላ ጠርበህ አትተክለው! ሚስማር ጫማህን በስቶ ገብቶ ሳይሰማህ ስትሠራ ውለህ፣ ጫማህን ስታወልቅ ደሙን ያየችው እማዬ ናት አሉ። ሐኪሙም ስሜቱን የበላው ስኳሩ ነው፣ ካልተጠነቀቀ ቀጣዩ ሙሉ እግሩ ነው ብሏል።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ አስከትላ ነገረችኝ። መጀመሪያ ስኳር አለብህ ሲሉህ፣ ሻዩን ያለ ስኳር፣ ዳቦውን ቀንሰህ፣ ጎመንና ምስር አብዝተህ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ድልድዩ በእግርህ ትሄድ ነበር አሉ። ከሳህ፣ ቀበቶህ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፣ ሐኪሙም ጎበዝ አለህ። ከዚያ ሰፈሩ አፉን ከፈተ። ያ ባለሱቅ፣ ልጁ ውጭ አገር እያለ አባቱ እንዲህ የመነመነው ቢረሳው ነው አለ። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታችን ደግሞ፣ ለታክሲ እንኳ ስለማይልክለት ነው በእግሩ የሚኳትነው አለች። አንተም የልጄን ስም ከማስነሳ ብለህ መራመዱን ተውከው። ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብለህ፣ ሰው እያየህ፣ ስኳሩን ቆልለህ ሻይህን ትጠጣለህ። ልጄ በላከልኝ ነው ትላለህ። አባዬ፣ ለኔ ስም ብለህ ጣትህን ሰጠህ። ስሜ ምን ሊሠራልኝ!

ስሜን ልንገርህ። እዚህ ብረቱ ነበር የሚሉኝ። እውነቴን ነው፣ ሁለት ሰው እያቃሰተ የሚያነሳውን ሲሚንቶ እኔ ብቻዬን እያፏጨሁ ነበር የምጭነው። ከዚያ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ አስቀመጡኝ። ወንበር አገኘሁ ብዬ ፎቶ ላክሁልህ፣ አንተም ግድግዳ ላይ ሰቀልከው። እማዬ ጉንጬን አይታ ተመችቶታል ብላ እልል አለች። ምን ይመቸኛል! ቁልፍ እጫናለሁ፣ በሩን የሚከፍተው መብራቱ ነው። ቁጭ፣ ዳቦ በለስላሳ፣ ደግሞ ቁጭ። አብሮኝ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ማታ ስመጣ፣ ሆድህ ገብቷል፣ አንተ የት ቀረህ ይለኛል። አብሬው እስቅ ነበር። ባለፈው ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመና እንደ ጆንያ ተዘረርኩ። እነ ብረቱ! ሐኪሟ ስኳር ጀምሮሃል አለችኝ። ተሳስተሻል፣ እኔ እኮ ብረቱ ነኝ አልኳት። ብረትም ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይዝጋል አለችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

አሁን ቆሜ ነው የምሠራው። መኪና ሲጠፋ ግቢውን እዞራለሁ፤ ሹፌሮቹ ምን ጠፍቶብህ ነው እያሉ ይሳለቁብኛል። ለስላሳውን ትቼ ውሃ ይዣለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ዳቦው ያሸንፈኛል፣ ውሸት አልነግርህም። እውነቱን ከፈለግህ ተስፋ የለኝም። እንደማውቅህ ይሄን ሲያነቡልህ፣ ልጄ ደክሞት ነው ብለህ ሻይ ታዛለህ። ልፋቴ ሁሉ ስመጣ በር ላይ ቆመህ እንድትቀበለኝ ነበር። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የማየው፣ ለሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ምርኩዝ የጠረበው ሰውዬ ለራሱ ክራንች ሲጠርብ ነው። ከሱ ሌላ የሚታየኝ የለም።

በናትህ፣ ፎቶውን አውርደው። ያ ጉንጭ ድሎት አይደለም፣ በሽታ ነው። ቁስልህ ድኖ ሐኪሙ ሂድ ሲልህ ተነስ። በጓሮ ተደብቀህ አይደለም፣ በሱቁ ፊት ለፊት ሂድ። ልጅህ ረሳህ ወይ ሲሉህ፣ አዎ ረሳኝ በላቸው። ከሃዲ ነው በል፣ ሰካራም ነው በል፣ የፈለግከውን በል። እኔ ጉረኛው ልጅህ ነኝ የምልህ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስደበኝ፣ አንተ ብቻ ክሳልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ስኳሩን ከሱ ትደብቅ፣ ቢቆጣም አትዘንለት። እትዬ ነጋሪዬ፣ ይሄን የምታነቢው አንቺ ነሽ፣ አባዬ ሲያለቅስ አንድም ቃል አትዝለዪ። ትንሹ ወንድሜ እንደኔ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ወንበር መመኘቱን ትቶ የአባዬን መጋዝ ያንሳ። በጉንም ሰላም በሉልኝ፤ እሱ እንኳ ቆሞ ይውላል።

በሩ ላይ ቆሜ የጻፍኩት፣ ወንበሩ ባዶውን አጠገቤ አለ
ማክሰኞ፣ ሰኔ ፬ ቀን