ሦስት ክፍል ቤት ለላጤ

አዋሳ፣ ግንቦት 1973 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ሙሉና ፍቅሬ «አያታችን መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ይነዘንዙኛል።

«ቤት አገኘህ ወይ?» ላልሽው፣ አግኝቻለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት ግን ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ነፍሷን ይማረውና እህቴ ልጆቿን ጥላልን ካለፈች ወዲህ የምንኖርባት ክፍል አልጋና በር ብቻ ነበረች። ልጆቹ አልጋው ላይ፣ እኔ በሩ ሥር። የወጣም የገባም ይረግጠኛል። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ደግሞ የሚያከራየው ቀበሌ ነው። ሊቀ መንበራችን ጓድ ካሳሁን ይባላል። ስሄድ «ስብሰባ ላይ ነው»፣ ስመለስ «ዘመቻ ወጥቷል»። ያገኘሁት ዕለትስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጓድ መምህር፣ አንተ ላጤ ነህ። ሦስት ክፍል ለቤተሰብ ነው።» «ልጆቹስ?» ብለው፣ «የእህትህ እንጂ ያንተ አይደሉም» ብሎኝ እርፍ! እህቴን ከመቃብር ጠርቼ ላስፈርማት?

በኋላ ወደ ሐይቁ መውረጃ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተለቀቀ ሲባል ሰምቼ በረርኩ። አንዲት ሴት ቀድማኝ ቆማለች። የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ዓይናቸው የታወረ እናቷን ይዛ ሰው ጓሮ ተጠግታለች። እሷንም «ባል የሌላት ሴት ሦስት ክፍል ምን ያደርግላታል?» ብለው መልሰዋታል። ጓድ ካሳሁን ፊት ተፋጠጥን። እኔ «ልጆቼ» ስል፣ እሷ «እናቴ» ስትል፣ ሰውዬው ሰለቸውና ጠረጴዛውን ደብድቦ «ተጋቡና ውሰዱት! እኔንም ገላግሉኝ!» ብሎ ጮኸ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ውጭ ስንወጣ፣ «ቤቱን ለአንድ ካድሬ ሊሰጡት ነው አሉ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እምዬ፣ አትጩኺ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራረምን። ለቤቱ ስንል ብቻ ነው። አንዱ ክፍል የእናቷ፣ አንዱ የልጆቹ ሆነ። ሦስተኛውን፣ የቀበሌ ሰው ድንገት ቢመጣ እንዳይጠረጥር፣ እሷና እኔ መሃል ለመሃል በመጋረጃ ከፈልነው።

ስሟ ታቢታ ነው። አዎ፣ ከስሟ እንደጠረጠርሽው ጴንጤ ናት፤ እሱን ስትመጪ እንጨቃጨቃለን። ሴትዮዋ ግን ታበሳጫለች! የተማሪ ደብተር ሳርም «ዓይንህን ልታጠፋ ነው» ብላ መብራት ታጠፋብኛለች። ወጡ ጨው የለውም ስል «ለጤናህ ነው» ትለኛለች። ፍቅሬን ኩፍኝ ሲይዘው ከሥራ ቀርታ አስታመመችው። ሙሉ ደግሞ በቀደም «እማ» ብላ ጠራቻት፤ እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

መጋረጃውን አውርደን የእናቷ መስኮት ላይ ሰቅለነዋል። ፀሐይ እንዳያስቸግራቸው ብለን ነው።

ክረምቱ ሳይገባ ነይ። አልጋሽ ከእናቷ አልጋ ጎን ተዘርግቷል። እሳቸው አማርኛ አይሆንላቸውም፣ አንቺ ሲዳምኛ አታውቂ፤ ቢያንስ አትጣሉም። ደግሞ ስትመጪ እኛን ያዘልሽበትን አንቀልባ እንዳትረሺ። እዚህ ገበያ ያለው ቆዳው ደረቅ ነው፤ ታቢታ አልወደደችውም።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ።

የምታናድጂውም የሚያናድድሽም ልጅሽ