የፎቶ አንሺው ጫማ

እሑድ ጠዋት፣ የካቲት 9

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በስልክ «አባትሽ ስፖርተኛ ሆኗል» ስትልሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ አሉ። እውነቷን ነው። ዕድሜ ልኬን ከባድ መኪና ስነዳ ተቀምጬ ኖሬ፣ በስተርጅና ከወንበር መነሳት እየተማርኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታላችን ካንሰሩ ከእንግዲህ ለማይለቀን ሰዎች እንቅስቃሴ ኑሯችንን ያቀልልን እንደሆነ ለማየት ጥናት ጀመረ። በሽታውን አይነካውም፤ ይህንን ገና ከመጀመሪያው ነግረውናል፣ አንቺም እወቂው። ከዚያ ዕጣ ወጣ። ግማሾቻችን ወዲያው ጀመርን፤ የቀሩት ደግሞ በተለመደው ሕክምና ይቆዩና ጥናቱ ሲያልቅ ተራቸው ይደርሳል ተባለ። እንቅስቃሴውን የምታሠራን ፊዚዮቴራፒስት እያንዳንዳችንን «ምን ማድረግ መቻል ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችን። እኔ «ደረጃውን በእግሬ ወርጄ ልጄን ውጭው በር ላይ መቀበል» አልኳት። መድኃኒት ስንወስድ አጠገቤ የሚቀመጠው ፎቶ አንሺ ግን «ጫማዬን ራሴ ማሰር» አላት። እሱን ዕጣው ከሚጠብቁት ጋር ጣለው።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቆመ መኪና አይቼ ማለፍ አልችልም። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ወንበር ስቤ የተማርኩትን ሁሉ አስተምረው ጀመር። አንድ ቀን ሁለታችንም እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ስናቃስት ፊዚዮቴራፒስቷ ደረሰችብን።

«አባባ፣ ጉድ ሠሩኝ እኮ» አለች።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«እሳቸውም እርስዎ የሚሠሩትን ከሠሩ፣ መጥቀም አለመጥቀሙን በምን እናውቃለን? ነገ ለሚመጡት ታማሚዎችስ ምን ልንላቸው ነው?»

ልክ ነበረች። የሆነውንም ሳትደብቅ ለአለቆቿ ተናገረች። ማስተማሩን ተውኩ፤ በተገናኘን ቁጥር ግን የፎቶ አንሺውን ጫማ እኔው ማሰር ያዝኩ። «ይሄም ይከለከላል?» ብላት ፊቷን አዙራ «ይሄማ ጥናቱ ውስጥ የለም» አለችኝ። እሱ ደግሞ ከላይ ሆኖ «ጠበቅ አድርገው እንጂ፣ ሹፌር» እያለ ያሾፍብኛል።

ተራው ሳይደርስ አረፈ። ጥናቱ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። በጣም አዘንኩ ልጄ፤ ያቺ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማየት እስካሁን ይከብደኛል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጥናት ማቀድ ሲጀምሩ ከታማሚዎች አንድ ሰው ይግባበት ተባለና ፊዚዮቴራፒስቷ እኔን ጠራችኝ። «አበላሹብኝ፣ አሁን ያግዙኝ» አለችኝ እየሳቀች። ከነዚያ ሁሉ ሐኪሞች መሀል ተቀምጬ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማወዳደሩ ግድ ነው፣ ገብቶኛል። ግን የሚጠብቁትን ብዙ አታስጠብቋቸው፤ የኛ ጊዜ እንደ እናንተ አይደለም» አልኳቸው። ከዚያ ብዙ ተከራክረው የመጠበቂያውን ጊዜ አሳጠሩት። ፎቶ አንሺው ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ዓርብ ዕለት የኔ የመጨረሻ ግምገማ ነበር። እንዳታዳላ ተብሎ ዕጣው የት እንደጣለኝ ያልተነገራት ሌላ ሴት መጥታ «ያሰቡት ተሳካልዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደረጃውን ወርጄ ነበር። እናትሽ ከኋላ ኮቴን ይዛ እየተቆጣችኝ፣ ውጭው በር ላይ ቆሜ መንገዱን ሳይ ቆየሁ። ስለዚህ «ግማሹ ተሳክቷል» አልኳት። «የቀረውስ?» ስትለኝ «እሱ ልጄ ጋ ነው» አልኳት።

በዓመቱ መጨረሻ ሥራ ሲቀልልኝ እመጣለሁ ብለሻል። ሥራሽን አውቃለሁ፣ አልቀየምሽም። ግን ናፍቀሽኛል፤ ደረጃውንም አሁን መውረድ እችላለሁ። አሁን ነይ ልጄ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ደጉን ሁሉ ፊትሽ ያምጣልሽ።

አባትሽ፣ ሹፌሩ

ስትመጪ ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርጊ። ማጎንበሱን ገና አልረሳሁትም።