ስትቆም ጠብቂያት

ቅዳሜ፣ የካቲት 14
ከፀጉር ቤቱ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ትምህርቱስ? የሆስፒታሉ ልምምድስ? እግርሽን አሞሽ ነበር፣ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ነገ ስንደውልልሽ በስልክ የምታነብልሽ ቁንጮ ናት፤ አዎ፣ የራሳችን ልጅ፣ ራሷ። ስለዚህ መሀል ላይ ቆም ስትል «መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» እንዳትይ። ዝም ብለሽ ጠብቂያት።

ባለፈው «ልጄ ክፍል የምትደግም ከሆነ የነርስነቱን ትምህርት ጥዬ እመጣለሁ» ብለሽ ስልኩን ከዘጋሽ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሁለተኛ ክፍል ደርሳ አንድ ገጽ ማንበብ አለመቻሏ እኔንም ግራ አጋብቶኝ ነበር። በየቀኑ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስነብባት የለ? ታዲያ ምን ጎደለ? ብው ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመምህሯ ጋር ልጣላ ነበር የሄድኩት።

መምህሯ ግን ረጋ ያለች ሰው ናት። ወንበር ሰጠችኝ፣ ቁንጮን አጠገቤ አስቀመጠችና «እስቲ እቤት እንደምታነቡት አንብቡልኝ» አለችን። ልጅቷ የመጀመሪያውን ፊደል ብላ ቆመች። እኔ እንደልማዴ ቃሉን ጨረስኩላት። ቀጠለች፣ ቆመች፣ ጨረስኩላት። መምህሯ ሳቋ አመለጣት።

«አዩ አባቷ? የምታነበው እኮ መጽሐፉን አይደለም፤ የእርስዎን አፍ ነው!»

ዞር ብዬ ባይ እውነትም የልጅቷ ዓይን አፌ ላይ ተተክሏል። እንዴት እንዳፈርኩ! መቼም ታውቂኛለሽ፣ ደንበኛ የጀመረውን ወሬ ሁሉ የምጨርስለት እኔ ነኝ። መምህሯም «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለች። «ክፍል ውስጥ በኅብረት ሲያነቡ ድምጿ ጎልቶ ስለሚሰማኝ የምትችል መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ተስማማን። እሷ ጠዋት ክፍል ሳይጀመር ለብቻዋ ታስነብባታለች፤ አርብ አርብ ደግሞ ቁንጮ ሰምታው የማታውቀው ተረት ያለበት መጽሐፍ ታውሰናለች። እቤት ምን ላይ እንደተቸገረች እኔ ሄጄ እነግራታለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ዝም ማለት ነው። ፀጉር አስተካካይ ዝም በል ሲባል፣ አስቢው!

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው እኔ ዘንድ ስለሆነ፣ እዚያው ለደንበኞች ታንብብ አልኩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የት ይሄዳል? ፊቱ አረፋ ተቀብቷል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ታስሯል፣ ሳይወድ በግዱ ይሰማል። መጀመሪያ የደረሰው ያ አኩራፊው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ተረቱ ጫማ ልግዛ ብሎ ገበያ ስለወጣ ጉማሬ ነበር። ቁንጮ አንድ ረጅም ቃል ላይ ቆመች። ላብ አጠመቀኝ። አፌን ልከፍት ስል ሰውዬው ከአረፋው ሥር «አንተ ሰው፣ ዝም በል! ራሷ ትጨርሰው!» ብሎ ጮኸብኝ። ምላጬን ይዤ ቀጥ አልኩ። እሷ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች «ተ... ን... ሸ... ራ... ተተ! ጉማሬው ተንሸራተተ!» አለች። ዳቦ ጋጋሪው እስኪያስለው ሳቀ። በማግስቱ የሚላጭ ፂም ሳይኖረው ተመልሶ መጣ፤ ጉማሬው ጫማ አገኘ አላገኘ ብሎ።

ትናንት መምህሯ «በዚሁ ከቀጠለች ታልፋለች» አለችኝ። አሁንም ትቆማለች፤ አንዳንዴም መጽሐፉን ወርውራ ታኮርፋለች። (ይቺን መስመር እንዳታልፊያት፣ ቁንጮ!) ዓይኗ ግን አፌ ላይ አይደለም፣ መጽሐፉ ላይ ነው። ስለዚህ በእኛ የተነሳ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ። ጨርሰሽ፣ ነጭ ጋውንሽን ይዘሽ ነይልን።

እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። የአንቺንም ጤና ይጠብቅልን።

ለፍላፊው ባልሽ

ቁንጮዬ፣ እዚህ ድረስ ከደረስሽ ጎበዝ፤ ውሃ ጠጪ። አሁን ስልኩን ለእኔ ስጪኝ። ለእናትሽ ልጽፈው ብዬ ያቃተኝ አንድ ነገር አለ፤ በአፌ ልሞክረው። እኔም ብቆም ትጠብቀኝ።